ለአባት ልቅሶ የተቀጠረ ቂም
(የያዕቆብና የወንድሙ የዔሳው ታሪክ)



ስለ ታላላቅ ሰዎች ሕይወት ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ጦር ሜዳ ላይ ድል ያደረጉ፣ ከተማ የቆረቆሩ ወይም መጽሐፍ የደረሱ ናቸው። እኔ ለዚህ ዓመት እትማችን የመረጥሁት ግን አንድ እረኛ ነው። ወንድሙን በድሎ ሃያ ዓመት በሰው አገር ኖረ፤ በኋላም ራሱን ዝቅ አድርጎ ታረቀ። ይኸውም የይስሐቅ ልጅ ያዕቆብ ነው።

የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። የእርሱና የወንድሙ የዔሳው ጠብ ከአባታቸው ልቅሶ ጋር የተያያዘ ነው። ዔሳው ለበቀል የቀጠረው ቀን የአባቱ የልቅሶ ቀን ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ሲሠሩ የምናያቸውም አባታቸውን ሲቀብሩ ነው። እኛ ደግሞ እድርተኞች እንደመሆናችን መጠን የልቅሶ ቤት ነገር ከማንም ይበልጥ ይመለከተናል። መቸም በድንኳን ውስጥ ስንቱን እናያለን! የአባታቸው ሬሳ ሳይወጣ አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ ጀርባ ተሰጣጥተው የሚቀመጡ፣ እግዜር ያጥናችሁ ሊል የመጣውን ሰው ማንን ላስቀድም ብሎ የሚያስጨንቁ ወንድማማቾች አሉ። እንግዲህ በዘፍጥረት መጽሐፍ የተጻፈውን ታሪክ ከሥሩ አንሥተን እንየው።

ከማሕፀን የጀመረ ፉክክር

ይስሐቅ ርብቃን ሲያገባ የ40 ዓመት ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ሙሉ ልጅ አላገኙም። በመጨረሻ ርብቃ መንትያ ፀነሰች። ልጆቹ በሆዷ ውስጥ ይገፋፉ ስለነበር ተጨንቃ እግዚአብሔርን ብትጠይቅ፣ ታላቁ ለታናሹ እንደሚገዛ ተነገራት። በኩሩ ቀይና ጠጕራም ሆኖ ወጣ፤ ዔሳው ተባለ። ታናሹ የወንድሙን ተረከዝ ይዞ ስለተወለደ ያዕቆብ ተባለ፤ በዕብራይስጥ ስሙ ተረከዝ ከሚለው ቃል ጋር ይዛመዳልና ነው።

ልጆቹ ሲያድጉ ጠባያቸው ለየቅል ሆነ። ዔሳው የዱር ሰው፣ አዳኝ ነው። ያዕቆብ ድንኳን የማይለይ፣ ጭምት ነው። ችግሩ የልጆቹ ጠባይ መለያየት አይደለም፤ ይህ በየቤቱ ያለ ነው። ችግሩ ወላጆቹ መከፋፈላቸው ነው። አባት ከአደን የሚመጣለትን ሥጋ ስለሚወድ ወደ ዔሳው አደላ። እናት ያዕቆብን ወደደች። በአንድ ድንኳን ውስጥ ሁለት ወገን ተፈጠረ ማለት ነው።

አንድ ቀን ዔሳው ከዱር ደክሞትና ርቦት ሲመጣ ያዕቆብ የምስር ወጥ ሠርቶ አገኘው። አብላኝ አለው። ያዕቆብም በነጻ አላበላውም፤ ብኵርናህን ሽጥልኝ አለ። ብኵርና ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያ ዘመን ልማድ በኩሩ ልጅ ከአባቱ ሀብት እጥፍ ድርሻ የሚወስድና የቤቱ አለቃ የሚሆን ነው። ዔሳው ልሞት ነው፣ ብኵርና ምን ያደርግልኛል ብሎ ምሎ ሸጠ፤ በልቶ ጠጥቶ ተነሥቶ ሄደ። መጽሐፉ ዔሳው ብኵርናውን አቃለለ ብሎ ይወቅሰዋል። ሆኖም የተራበ ወንድም በር ላይ ቆሞ ሳለ የሚዋዋል ሰውም ቢሆን ከወቀሳ አይድንም።

የተሰረቀው ምርቃት

ይስሐቅ ሸመገለ፤ ዓይኑም ፈዘዘ። የሞቴን ቀን አላውቅም ብሎ ዔሳውን ጠራና አድኖ የሚወደውን ምግብ እንዲያዘጋጅለት፣ ከበላም በኋላ እንዲመርቀው ነገረው። ርብቃ ሰማች። ያዕቆብን ጠርታ ሁለት የፍየል ጠቦቶች እንዲያመጣ አዘዘችው፤ አባትየው እንደሚወደው አድርጋ ሠራች። የዔሳውን መልካም ልብስ አለበሰችው። ያዕቆብ ገላው ለስላሳ ስለሆነ አባቱ ዳስሶ እንዳያውቅበት የጠቦቶቹን ቆዳ በእጁና በአንገቱ ላይ አደረገችለት። ያዕቆብ እርግማን እንዳያገኘው ፈርቶ ነበር፤ እናቱ ግን እርግማኑ በእኔ ላይ ይሁን አለችው።

ያዕቆብ ገባ። አባቱ ማን እንደሆነ ጠየቀው። ዔሳው ነኝ አለ። ሽማግሌው ድምፁ የያዕቆብ ሆኖ እጁ የዔሳው ቢሆንበት ተጠራጠረ፤ ደግሞም ጠየቀው፤ ያዕቆብ ግን በውሸቱ ጸና። ይህችን ጥያቄ አንባቢ በልቡ ያኑራት፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ ጠያቂ ስሙን ሲጠይቀው እንደገና እናገኛታለን።

ይስሐቅ በልቶ መረቀው። የሰማይ ጠል፣ የምድር በረከት፣ የእህልና የወይን ብዛት ሰጠው። ከሁሉም በላይ ለወንድሞቹ ጌታ እንዲሆን፣ የእናቱ ልጆችም እንዲሰግዱለት መረቀው። ያዕቆብ ገና እንደወጣ ዔሳው ያደነውን ይዞ ደረሰ። አባትየው ነገሩን ባወቀ ጊዜ እጅግ ተንቀጠቀጠ። ዔሳው ታላቅና መራራ ጩኸት ጮኸ፤ አባቴ ሆይ ለእኔ አንዲት ምርቃት አልተረፈችህምን እያለ አለቀሰ። ያ የዱር አዳኝ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ የሚያነብ ሰው ልቡ ካልተነካ ምን ይባላል!

ከዚህ በኋላ ነው ዔሳው ቀጠሮውን የያዘው። አባቱ በሕይወት ሳለ ሊያሳዝነው አልፈለገም። ስለዚህ የአባቱ የልቅሶ ወራት ቀርቧል፣ ያን ጊዜ ወንድሜን እገድለዋለሁ ብሎ በልቡ አሰበ። ልብ በሉ፤ ወንድማማቾች ሊጽናኑበት የሚገባውን ቀን ዔሳው ለደም ቀጠረው። ደግነቱ ነገሩ ወደ ርብቃ ጆሮ ደረሰ። የወንድምህ ቁጣ እስኪበርድ ጥቂት ቀን እዚያ ቆይ ብላ ያዕቆብን በካራን ወዳለው ወደ ወንድሟ ወደ ላባ ላከችው። ጥቂት ቀን ያለችው 20 ዓመት ሆነ። ዘፍጥረት እናትና ልጅ እንደገና ስለመገናኘታቸው አንድም ቃል አይነግረንም። እርግማኑ በእኔ ይሁን ያለች እናት ዋጋዋን ከፈለች ለማለት ያስደፍራል።

ቁጥር የሚወድ አንባቢ ካለ ይህን ይመልከት። ያዕቆብ ግብፅ ገብቶ ፈርዖን ፊት ሲቀርብ 130 ዓመቱ ነበር፤ ዮሴፍ ደግሞ የሹመቱ 30 ዓመት፣ የጥጋቡ 7 ዓመትና የራቡ 2 ዓመት ተደምሮ 39 ዓመቱ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲሰላ ያዕቆብ ከቤት ሲሰደድ የ77 ዓመት ሰው ነበር ማለት ነው። ይስሐቅም 137 ዓመቱ ነበር። ሞቴ ደረሰ ያለው ይስሐቅ ግን የሞተው በ180 ዓመቱ ነው። እንግዲህ ዔሳው ቀርቧል ያለው የልቅሶ ቀን 43 ዓመት ዘገየ። የሞት ቀጠሮ በሰው እጅ አይደለም፤ ያ 43 ዓመት ለሁለቱ ወንድማማቾች የተሰጠ የዕርቅ ጊዜ ነበር።

በላባ ቤት

ያዕቆብ ብቻውን በትሩን ይዞ ወጣ። ሎዛ በምትባል ስፍራ መሸበትና ድንጋይ ተንተርሶ ተኛ። በሕልሙ ከምድር እስከ ሰማይ የሚደርስ መሰላል፣ መላእክትም ሲወጡና ሲወርዱ አየ። ስፍራውን ቤቴል አለው፤ የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው። የበደለ ሰው ሆኖ ሳለ አልተጣለም፤ ነገር ግን ከትምህርትም አላመለጠም።

ትምህርቱ በካራን ጠበቀው። የላባን ታናሽ ልጅ ራሔልን ወድዶ 7 ዓመት አገለገለላት። በሠርጉ ማታ ላባ በጨለማ ታላቂቱን ልያን አስገባለት። ሲነጋ ያዕቆብ ተናዶ ቢጠይቅ፣ ላባ በአገራችን ታናሺቱ ከታላቂቱ በፊት አትዳርም ብሎ መለሰለት። በጨለማ ዓይን የታላቁን ስፍራ የወሰደው ታናሽ፣ አሁን በጨለማ ታላቂቱን በታናሺቱ ስፍራ ተቀበለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ያዕቆብ ግን በዚያች ጧት የተወጋ ሰው ስሜት ምን እንደሚመስል በራሱ ላይ አየው።

ለራሔል ሌላ 7 ዓመት፣ ለከብት ደግሞ 6 ዓመት አገለገለ። ላባ ደመወዙን አሥር ጊዜ ለዋወጠበት። ቀን ሐሩር፣ ሌሊት ቁር ሲበላው ኖረ። ይሁን እንጂ ቤተሰቡም ከብቱም በዛ። ከ20 ዓመት በኋላ ሁሉን ይዞ ወደ አባቱ አገር ተነሣ። ላባ አሳድዶ በገለዓድ ተራራ ቢደርስበትም በመጨረሻ ድንጋይ ከምረው ቃል ኪዳን ተጋቡና ተለያዩ። ከኋላ ያለው ጠብ በዚህ ተዘጋ። ከፊት ያለው ግን ገና ነው።

በያቦቅ ማዶ

ዔሳው በዚህ ጊዜ በሴይር፣ በኤዶም አገር ይኖር ነበር። ያዕቆብ በስውር ሊያልፍ አልሞከረም። አስቀድሞ መልክተኞች ላከ። መልእክቱም ትልቅ ነገር ይዟል፤ ዔሳውን ጌታዬ፣ ራሱን ባሪያህ ብሎ ላከበት። ለወንድሞችህ ጌታ ሁን ተብሎ የተመረቀው ሰው እኮ ነው ይህን የሚለው!

መልክተኞቹ ተመልሰው ዔሳው ከ400 ሰዎች ጋር እየመጣ መሆኑን ነገሩት። ያዕቆብ እጅግ ፈራ። ሰዎቹንና ከብቱን በሁለት ወገን ከፈለ፤ አንደኛው ቢመታ ሁለተኛው ያመልጣል ብሎ ነው። ከዚያም ጸለየ። በጸሎቱ ስለ ብኵርናው ወይም ስለ ምርቃቱ አልተመካም። ለተደረገለት ቸርነት ሁሉ እንደማይበቃ ተናገረ፤ በትሩን ብቻ ይዞ ዮርዳኖስን እንደተሻገረና አሁን ሁለት ክፍል ሕዝብ እንደሆነ አሰበ። ከወንድሙም እጅ እንዲያድነው ለመነ።

ቀጥሎ እጅ መንሻ አዘጋጀ። ቁጥሩ አንድ በአንድ ተጽፎልናል፤ 200 እንስት ፍየሎችና 20 አውራዎች፣ 200 እንስት በጎችና 20 አውራዎች፣ ከነግልገሎቻቸው 30 የሚያጠቡ ግመሎች፣ 40 ላሞችና 10 ኮርማዎች፣ 20 እንስት አህዮችና 10 ውርንጭሎች። የግመሎቹ ግልገሎች ሳይቆጠሩ 550 ከብት ይሆናል። በየመንጋው ከፍሎ፣ በመካከላቸው ርቀት አድርጎ፣ እያንዳንዱ እረኛ ለዔሳው ይህ ከባሪያህ ከያዕቆብ ለጌታው የተላከ ነው እንዲል አዘዘ። ዔሳው አንዱን መንጋ አይቶ ሳይጨርስ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው ይደርስበታል። ቁጣ አንድ ጊዜ አይበርድም፤ ቀስ በቀስ ነው የሚበርደው። ያዕቆብ ይህን ያውቅ ነበር።

በዚያች ሌሊት ሚስቶቹንና ልጆቹን በያቦቅ ወንዝ አሻገረ። ያቦቅ ዛሬ በዮርዳኖስ አገር ውስጥ ዛርቃ እየተባለ የሚጠራው ወንዝ ነው። ራሱ ብቻውን ቀረ። አንድ ሰው እስኪነጋ ድረስ ሲታገለው አደረ፤ የጭኑንም ሹልዳ ነካው፤ ያዕቆብም አነከሰ። ካልባረክኸኝ አልለቅህም ባለው ጊዜ ያ ሰው ስምህ ማን ነው ብሎ ጠየቀው። አንባቢ ሆይ፤ ያችን የአባቱን ጥያቄ አስታውስ። ያን ጊዜ በረከት ለማግኘት ብሎ ዔሳው ነኝ አለ። አሁን ግን ያዕቆብ ነኝ አለ። ይህ ስም ደግሞ ተራ ስም አልነበረም፤ ዔሳው በዚያ መራራ ቀን ሁለት ጊዜ አሰናከለኝ፣ ስሙ በእውነት ያዕቆብ ነው ብሎበት ነበር። ስሙን መናገር ጥፋቱን መናገር ያህል ነው። ስሙን በእውነት በተናገረ ጊዜ አዲስ ስም ተሰጠው፤ እስራኤል ተባለ። ስፍራውን ጵንኤል አለው፤ የእግዚአብሔር ፊት ማለት ነው። ሲነጋ እያነከሰ ሄደ።

ሰባት ጊዜ ስግደት

ዓይኑን ቢያነሣ ዔሳው ከ400ዎቹ ጋር መጣ። ያዕቆብ ቤተሰቡን አሰለፈ። ማታ ከሁሉ በኋላ የቀረው ሰው አሁን ከሁሉ ፊት ቀደመ። ወደ ወንድሙ እስኪደርስ ሰባት ጊዜ ወደ ምድር ሰገደ።

ሰባት ጊዜ መስገድ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበረ ከሌላ ቦታም ይታወቃል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 በግብፅ በቴል ኤል አማርና ከ300 በላይ የሚሆኑ የሸክላ ደብዳቤዎች መገኘት ጀመሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹን የጻፉት የከነዓን ከተሞች ገዥዎች ናቸው። ለፈርዖን ሲጽፉ ሰባት ጊዜና ሰባት ጊዜ በእግርህ ሥር እወድቃለሁ ይሉ ነበር። እንግዲህ ያዕቆብ የሰገደው ወንድም ለወንድም ሰላም እንደሚሰጠው አይደለም፤ ገባር ለንጉሡ እንደሚሰግድ ነው። የእናትህ ልጆች ይሰግዱልሃል ተብሎ የተመረቀው እርሱ ነበር፤ መሬት የነካው ግን የእርሱ ግንባር ነው። በሽምግልና ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ መውደቅን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ዔሳውስ ምን አደረገ? ሮጠ። ተበዳዩ ነው የሮጠው። አቀፈው፣ በአንገቱ ላይ ወደቀ፣ ሳመው፤ ሁለቱም ተላቀሱ። ከሃያ ዓመት በፊት ብቻውን ያለቀሰው ዔሳው አሁን ከወንድሙ ጋር አለቀሰ።

ሳመው በሚለው የዕብራይስጥ ቃል ላይ የጥንት ጸሐፍት ነጥቦችን አኑረዋል። በነጥቦቹ ምክንያት የአይሁድ መምህራን ብዙ ተከራክረዋል። አንዳንዶቹ የዔሳው መሳም ከልብ አልነበረም አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የለም፣ በዚያች ሰዓት ከሙሉ ልቡ ሳመው አሉ። ይህ ጥርጣሬ በማንኛውም ዕርቅ ላይ የሚነሣ ነው። ሽማግሌ ሲያስታርቅ ከጎን የቆመ ሰው ይህ ከልብ ነው ወይስ ለይሉኝታ እያለ ያንሾካሹካል። መልሱን የሚሰጠው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ነው።

ዔሳው ከብቱን ለምን እንደላከ ጠየቀው። ያዕቆብም በፊትህ ሞገስ እንዳገኝ ነው አለ። ዔሳው ለእኔ ብዙ አለኝ፣ የአንተ ለአንተ ይሁን ብሎ እንቢ አለ። ያዕቆብ ግን ለመነው። ፊትህን ማየቴ የእግዚአብሔርን ፊት እንደማየት ሆኖልኛል፣ በረከቴን ተቀበለኝ አለው። የተጠቀመበት የዕብራይስጥ ቃል በራካ ነው፤ ይህም ያን ጊዜ ከአባቱ የሰረቀው ምርቃት የተጠራበት ያው ቃል ነው። በረከትህን ወሰድሁብህ፤ አሁን በረከቴን ውሰድ ማለቱ ነው። እኛም እኮ ስጦታን ገጸ በረከት እንለዋለን። ዔሳውም እንዲህ ሲለምነው ተቀበለ። ያዕቆብ አፉን ሞልቶ በድያለሁ ያለበት ቃል በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ነገር ግን ጌታዬ በማለቱ፣ በመስገዱና የወሰደውን በረከት በመመለሱ ከዚያ የበለጠ ተናግሯል።

ተለያይተው መኖራቸው

ዔሳው አብረን እንሂድ አለው። ያዕቆብ ልጆቹ ለጋ መሆናቸውን፣ ከብቱም የሚያጠባ መሆኑን፣ አንድ ቀን በኃይል ቢነዱት ሁሉ እንደሚያልቅ ገልጾ በዝግታ እንደሚከተለው ነገረው። ዔሳው ወደ ሴይር ተመለሰ፤ ያዕቆብ ግን ወደ ሱኮት፣ ከዚያም ወደ ሴኬም ሄደ። በኋላም መጽሐፉ ከብታቸው ስለበዛ ምድሪቱ ለሁለቱ አልበቃቻቸውም ይላል። በዚህ የሚያዝን አንባቢ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ዕርቅ ማለት የግድ በአንድ አጥር ውስጥ መኖር አይደለም። ሁለት ወንድማማቾች በየቤታቸው ሆነው ክፉ ካልተመኛኙ፣ በደስታና በሐዘንም ከተገናኙ ይበቃል።

ያዕቆብ ከዚያ በኋላም ሐዘን አልራቀውም። ራሔል በኤፍራታ መንገድ ብንያምን ስትወልድ ሞተች፤ በመቃብሯም ላይ ሐውልት አቆመላት። ልጆቹ ዮሴፍን ሸጠው ቀሚሱን በፍየል ጠቦት ደም ነክረው አመጡለት። አባቱን በጠቦት ቆዳ ያታለለ ሰው በጠቦት ደም ተታለለ። ዮሴፍ ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነበር፤ በቅድሙ ስሌት ያዕቆብ 108 ዓመቱ ነበር ማለት ነው።

የአባት ልቅሶ ሲደርስ

ይስሐቅ በኬብሮን አጠገብ በመምሬ በ180 ዓመቱ አረፈ። ያዕቆብ ያን ጊዜ 120 ዓመቱ ነበር። ዮሴፍ ከጠፋ 12 ዓመት ሆኖታል፤ ያዕቆብም ልጁ እንደሞተ ያምናል። በሐዘን ላይ ሐዘን ማለት ይህ ነው። ዔሳው ለበቀል የቀጠረው የልቅሶ ቀን ይኸው መጣ። ዔሳውም መጣ። ደም ግን አልፈሰሰም። መጽሐፉ በአጭር ቃል ልጆቹ ዔሳውና ያዕቆብ ቀበሩት ይላል። የዔሳው ስም ቀድሟል፤ በኩሩ በአባቱ መቃብር ላይ በበኩርነቱ ተጠራ። በጵንኤል ማግሥት የተደረገው ዕርቅ ከልብ ነበር ወይስ አልነበረም ለሚለው ክርክር፣ ከ23 ዓመት በኋላ መልሱ የአባት መቃብር ላይ ተገኘ።

የተቀበረበት ስፍራ አብርሃም ከኬጢያዊው ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር የገዛት ባለ ድርብ ክፍል ዋሻ ናት። አብርሃምንም በዚያች ዋሻ የቀበሩት ይስሐቅና እስማኤል ናቸው፤ እስማኤል ከቤት የተባረረ ልጅ ነበር፤ ሆኖም ለአባቱ ቀብር መጣ። ዛሬም በኬብሮን ከተማ በዋሻዋ ላይ ከ2000 ዓመት በፊት ገደማ በሄሮድስ ዘመን የተሠራው ታላቅ የድንጋይ ቅጥር ቆሟል።

ያዕቆብ ራሱ በ147 ዓመቱ በግብፅ ሞተ። ልጆቹ ሬሳውን ተሸክመው እስከዚያች ዋሻ አደረሱት። ከቀብሩ በኋላ የዮሴፍ ወንድሞች አባታችን ስለሞተ አሁን ዮሴፍ ይበቀለናል ብለው ፈሩ፤ ይቅርታም ላኩበት። ዮሴፍ አለቀሰ፤ አጽናናቸውም። አባት ሲሞት የተዳፈነ ቂም እንደሚነሣ ያ ቤተሰብ ያውቅ ነበር። ደግሞም እንዴት እንደሚጠፋ ከአባታቸው አይተዋል።

የኩፋሌ ማስጠንቀቂያ

በአገራችን የታወቀው መጽሐፈ ኩፋሌ ይህን ታሪክ ሌላ መደምደሚያ ይሰጠዋል። ይህ መጽሐፍ በሙሉ ይዘቱ የተጠበቀው በግዕዝ ብቻ ነው። በእርሱ እንደተጻፈው ርብቃ ከመሞቷ በፊት ልጆቿ እንዲዋደዱ ለምናቸዋለች፤ ይስሐቅም አምሎአቸዋል። አባታቸውንም በሰላም ቀብረዋል። ከዚያ በኋላ ግን የዔሳው ልጆች የታላቅነት ድርሻ ለያዕቆብ ተሰጠ ብለው አባታቸውን ወጥረው ያዙት። ዔሳው መጀመሪያ መሐላውን አስታውሶ እንቢ አለ። እነርሱ ግን አልተዉትም፤ ወደ ጦርነት ገፉት። ያዕቆብ ለሚስቱ ለልያ በሚያለቅስበት ጊዜ ነው የመጡበት። መጨረሻው ዔሳው በወንድሙ ቀስት መሞቱ ሆነ፤ ያዕቆብም የገዛ ወንድሙን ቀበረ።

ሁለቱን መጻሕፍት የሚያነብ ሰው የትኛው ልክ ነው ብሎ መከራከር ይችላል። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሁለቱም መንገዶች በፊታችን መኖራቸው ነው። በአንደኛው ወንድማማቾች አባታቸውን ቀብረው ነገሩ በዚያው ይዘጋል። በሁለተኛው አባት ከተቀበረ በኋላ የውርስ ወሬ ይነሣል፤ ጠቡን በዓይናቸው ያላዩት ልጆች ያራግቡታል፤ በመጨረሻም ሌላ ቀብር ይመጣል። ድንኳኑ ከተነቀለ፣ ወንበሩም ከተመለሰ በኋላ በየቤቱ የሚሆነውን እናውቀዋለን።

ለእኛ ምን ይላል?

እድራችን ሬሳ ያነሣል፣ ቀብር ያስፈጽማል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። ወንድማማቾችን ማስታረቅ ግን በመዋጮ የሚደረግ አይደለም፤ የየራሳችን ሥራ ነው። ደግሞም ለልቅሶ ቀን የሚተው ሥራ አይደለም። ያዕቆብና ዔሳው አባታቸውን አብረው ለመቅበር የበቁት በቀብሩ ዕለት ስለታረቁ አይደለም፤ ከ23 ዓመት በፊት አባታቸው በሕይወት ሳለ ስለታረቁ ነው። ይስሐቅ ሲሞት ልጆቹ ሳይገዳደሉ እንደሚቀብሩት ሊያውቅ ይችል ነበር። ለአንድ ሽማግሌ አባት ከዚህ የበለጠ ስንቅ ምን አለ?

ያዕቆብ ወንድሙ ይጀምር አላለም። በዳይ እርሱ ነውና አስቀድሞ ላከ፣ አስቀድሞም ሰገደ። ይህ ለኩሩ ሰው ከባድ ነው። ሰባት ጊዜ ጎንበስ ሲል 400 ሰዎች ያዩታል፤ የገዛ ልጆቹም ከኋላው ሆነው ያዩታል። ነገር ግን በዚያ ቀን የሰገደው ሰው አልተዋረደም። ልጆቹ ያዩት አባታቸው ጠብን እንዴት እንደሚያቆም ነው። ዔሳውም ቢሆን የተበዳይ ክብሩን ይዞ ቆሞ አልጠበቀም፤ ወንድሙ ሰባተኛውን ሰግዶ እስኪደርስ ሮጦ ተቀበለው። አንዱ ባይሰግድ፣ ሌላው ባይሮጥ ኖሮ ያ መንገድ የጦር ሜዳ በሆነ ነበር። ዕርቅ ደም ያደርቅ የሚባለው በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ከአባሎቻችን መካከል ወንድሙን ወይም እኅቱን ሳያነጋግር ዓመታት ያሳለፈ ካለ፣ እናት አባቱ በሕይወት ሳሉ ሽማግሌ ይላክ። ሽማግሌ ባይገኝ ራሱ ይሂድ። አምስት መቶ ከብት አይጠየቅም፤ ጎንበስ ብሎ በር ማንኳኳት ይበቃል። እናትና አባት ያረፉበትም ቢሆን ጊዜው አላለፈም፤ ወንድም በሕይወት እስካለ ድረስ በሩ አልተዘጋም። ልቅሶ ሲደርስ አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ ሳይሆን ጎን ለጎን ተቀምጠን እግዜር ያጥናችሁ የሚለውን በአንድነት እንድንቀበል ያድርገን።

ዘመኑን የዕርቅና የጤና ያድርግልን።